በቀኝ እግሬ ግራ ገባኝ፦ ከአዝፒሊኩዌታ ምን ልማር?

ግራ ገባኝ ጠየቀ፦

ሰላም ቤቶች። ዕድሜዬ 17 ነው፣ በሰፈር ቡድን እጫወታለሁ። ኳስ ከጀመርኩ ጊዜ አንስቶ የቀኝ መስመር ተከላካይ ነኝ። ግራ እግሬ ለመቆሚያ ካልሆነ ለሌላ ነገር አገልግሎኝ አያውቅም።

አሁን የግራ ተከላካያችን ዩኒቨርሲቲ ደርሶት ሄደ። አሰልጣኛችን ዞር ዞር ብሎ አየና «አንተ ግራውን ትይዛለህ» አለኝ። እንደማልችል ብነግረውም አልሰማኝም። የቼልሲ ደጋፊ ስለሆነ «የድሮውን የቼልሲ ተከላካይ አዝፒሊኩዌታን እይ» ብሎኝ ሄደ። በቃ፣ ማብራሪያው ይኸው ነው።

ዩቲዩብ ገብቼ ፈለግኩ። እውነቱን ልናገር? ምንም አልገባኝም። ክሊፖቹ ሙዚቃቸው ያምራል እንጂ ሰውየው ሲያታልል አይታይ፣ ከሩቅ ሲመታ አይታይ። አብዛኛው ዋንጫ ሲያነሳ ነው። እኔ ዋንጫ ማንሳት አይደለም የቸገረኝ።

በሱ ጊዜ ጨዋታ የተከታተላችሁ እስኪ እርዱኝ። ቀኝ እግር ሆኖ ግራ ላይ እንዴት ቆየ? ጨዋታውን ሳይ ዓይኔን የት ላይ ላድርግ? በዚያ ላይ ቁመቴ አጭር ነው።

---

አሮጌ ታኬታ መለሰ፦

አንተ ልጅ፣ አሰልጣኝህ ጥሩ ሰው ነው። ማብራሪያ ማሳጠሩ ብቻ ነው ችግሩ። እኔ ላስረዝመው።

መጀመሪያ ክሊፕ ማየቱን ተወው። ሴዛር አዝፒሊኩዌታ ለክሊፕ የተፈጠረ ተጫዋች አይደለም። የሱ ጥሩ ሥራ አብዛኛው ያልተከሰተ ነገር ነው። ያልተሻማ ኳስ፣ ያልተሞከረ ሩጫ፣ አጥቂው ተስፋ ቆርጦ ወደ ኋላ የመለሰው ኳስ። ይህንን ቆርጦ ሙዚቃ የሚጨምርበት ሰው የለም። ሙሉ ጨዋታ ነው ማየት ያለብህ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሰውየው ቼልሲ የመጣው በነሐሴ 2012 (በፈረንጆቹ) ከማርሴይ ነው። የተከፈለበት 7 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ ነበር። ለቼልሲ ያ የሻይ ገንዘብ ነው። የመጣውም ለቀኝ መስመር ነበር። እዚያ ግን ኢቫኖቪች አለ። ግንብ የሚያህል ሰውዬ፣ በዚያ ላይ ጎል የሚያገባ። በግራ ደግሞ አሽሊ ኮል። ለእንግሊዝ 107 ጊዜ የተሰለፈ፣ በዘመኑ ከዓለም ምርጥ የግራ ተከላካዮች አንዱ።

አሰልጣኙ ሞሪንሆ በ2013 ወደ ቼልሲ ተመልሶ መጣ። በዚያ የውድድር ዓመት ያደረገውን ስናይ ብዙዎቻችን ጨጓራችን ተላጠ። ኮልን ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠና ቀኝ እግሩን ልጅ ግራ አሰለፈው። «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» ያላለ የቼልሲ ደጋፊ አላውቅም። ኮል ዓመቱ ሲያልቅ ለቀቀ። በዚያው ክረምት ደግሞ ከአትሌቲኮ ማድሪድ ፊሊፔ ሉዊስን ገዙ፣ የተፈጥሮ ግራኝ፣ በስፔን ሊግ ሻምፒዮን የሆነ። ሁላችንም «አሁን ቦታው ተወሰደ» አልን። አልተወሰደም። በ2014/15 ቼልሲ ሻምፒዮን ሲሆን ግራውን የያዘው አዝፒሊኩዌታ ነው። ፊሊፔ ሉዊስ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ማድሪድ ተመለሰ።

እንዴት? እዚህ ጋ ልብ ብለህ ስማኝ።

ግራ ስትቆም ሁለት ዓይነት አጥቂ ይመጣብሃል። አንደኛው ቀኝ እግር ነው። እሱ በመስመሩ በኩል ወርዶ ማሻማት ይፈልጋል። ያኔ ኳሱ የሚያልፈው በግራ እግርህ በኩል ነው፣ ማለትም በደካማው። ሁለተኛው ግራኝ ነው። እሱ ወደ መሃል ቆርጦ መምታት ይፈልጋል። ያኔ ኳሱ የሚመጣው በቀኝ እግርህ በኩል ነው። ይሄኛው ለአንተ ሲሳይ ነው። የተፈጥሮ ግራኝ ተከላካይ የሚቸገርበት ቦታ ላይ አንተ ጠንካራው እግርህ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ታዲያ የመጀመሪያውን ዓይነት እንዴት ያዘው? በእግሩ ሳይሆን በአቋቋሙ። ለመስመሩ ትንሽ ቀረብ ብሎ፣ ሰውነቱን ጎን አድርጎ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይቆማል። «መሃል ግባ፣ መንገዱ ክፍት ነው» እያለው ነው። መሃል ሲገባ ቀኝ እግሩ አለ፣ ከሱ አለፍ ብሎ ደግሞ የመሃል ተጫዋቹ ማቲች ቆሟል። አጥቂው እምቢ ብሎ በመስመሩ ከሄደም አብሮት ይሮጣል እንጂ እግሩን አይወረውርም። ኳሱ ሊሻማ ሲል ብቻ ነው የሚዘረጋው። መጀመሪያ የሚዘረጋ ተከላካይ ተሸንፏል፣ ይህን ጻፈው።

እንድታይ የማዝህ ጨዋታ፦ ማንቸስተር ሲቲ ከቼልሲ፣ የካቲት 2014፣ ኢትሃድ ላይ። ሲቲ እስከዚያ ቀን በሜዳው የተጫወተውን የሊግ ጨዋታ ሁሉ አሸንፎ ነበር። ቼልሲ 1 ለ 0 አሸነፈ፣ ኢቫኖቪች በግራ እግሩ አገባ። የሲቲ የቀኝ መስመር አጥቂ ማን ነበር? ሄሱስ ናቫስ። ቀኝ እግር፣ ፈጣን፣ መስመሩን የማይለቅ። የአንተ ቅዠት ማለት ነው። ኳሷን እርሳትና አዝፒሊኩዌታን ብቻ ተከተል። ናቫስ ኳስ ሳይነካ እሱ የት እንደሚቆም እይ።

ኳስ ሲይዝ ደግሞ አያምርበትም፣ እንዲያምርበትም አይሞክርም። ከመሃል ተከላካዩ ከቴሪ ይቀበላል፣ ወደ ቀኝ እግሩ ያዞራል፣ ለማቲች ይሰጣል። መስመሩን የሚይዝለት ከፊቱ የሚጫወተው አጥቂ ሃዛርድ ነው። ሃዛርድ ወደ ኋላ ተመልሶ መከላከል ብዙም አይወድም ነበር፤ ስለዚህ ከጀርባው የማይንቀሳቀስ ሰው ያስፈልገዋል። ኢቫኖቪች በቀኝ ሲወጣ አዝፒሊኩዌታ በግራ ይቀራል። የሞሪንሆ ሂሳብ ይኸው ነበር። ሃዛርድ በ2014/15 የሊጉ ኮከብ ሲባል ግማሹን ዋንጫ ለዚህ ሰውዬ መቁረስ ነበረበት ባይ ነኝ።

ሞሪንሆ ራሱ በአንድ ወቅት 11 አዝፒሊኩዌታ ያለው ቡድን ሻምፒዮንስ ሊግን ሳያሸንፍ እንደማይቀር ተናግሯል። የእግር ኳስ ነገር ተሰጥኦ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

---

ነገር አዋቂ መለሰ፦

አሮጌ ታኬታ፣ ደጋፊነትህ ዓይንህን ጋርዶሃል ወንድሜ። የተናገርከው የመከላከሉን ነው። የሌላውን ጎን ለምን ዘለልከው? አዝፒሊኩዌታ ግራ ላይ ሲጫወት የቼልሲ የግራ ማጥቃት አንካሳ ነበር። ሃዛርድ ብቻውን ሁለት ሦስት ሰው ይከበብ ነበር፣ ምክንያቱም ከጀርባው ዞሮ የሚወጣለት ሰው የለም። ቢወጣም ኳሱን ወደ ቀኝ እግሩ ለመመለስ ሲቆም የተቃራኒ ቡድን ተከላካይ ሁሉ ቦታው ይመለሳል። በግራ እግሩ አንድ ጥሩ ኳስ ሲያሻማ ያየህበትን ቀን ንገረኝ።

ደግሞ ክለቡ ራሱ ያውቀው ነበር። ፊሊፔ ሉዊስን ገዛ፣ በ2015 ባባ ራህማንን ገዛ፣ በ2016 ማርኮስ አሎንሶን ገዛ። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ግራኝ። በተጫዋቹ የሚተማመን ክለብ ነው ይህን የሚያደርገው?

ልጁ ይህንንም ይወቅ። ግራ እግሩን ካላሠራ ነገ ግራኝ ልጅ ሲገኝ ወንበር ነው የሚጠብቀው።

---

መድፈኛው ዘቂርቆስ መለሰ፦

እኔ የአርሰናል ሰው ነኝ፣ ስለዚህ እውነት እናገራለሁ። (አትሳቁ።)

ልጄ፣ የናቫራን (የሰሜን ስፔን ክልል ናት) ተከላካይ ማየት ከፈለግክ የኛውንም እይ። ናቾ ሞንሪያል። ሁለቱም የዚያው አገር ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም ከኦሳሱና ክለብ ነው የወጡት። አዝፒሊኩዌታ በ2012 ለንደን ገባ፣ ሞንሪያል በጥር 2013 ከማላጋ መጣ። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። የኛው ግራኝ ነው፤ ያንተ ችግር የለበትም። ግን አጭር መሆን ያስጨነቀህ ከሆነ እሱም ረጅም አልነበረም፤ የመሃል ተከላካይ ሲጠፋ አሰልጣኛችን ቬንገር መሃል ይጨምረው ነበር። በ2017 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ በሦስት ተከላካይ ስንጫወት በግራ በኩል የቆመው እሱ ነው። በዚያኛው ወገን የቼልሲን ሦስት ተከላካይ በቀኝ በኩል የያዘው ደግሞ አዝፒሊኩዌታ። ማን አሸነፈ? 2 ለ 1፣ ሳንቼዝና ራምሴ። በሰላም አውሉኝ።

በ2020ም እናስታውስ። ያው ኤፍኤ ካፕ፣ ያው ፍጻሜ፣ ባዶ ስታዲየም፣ የኮቪድ ጊዜ። ኦባሜያንግ ከአዝፒሊኩዌታ ጀርባ አመለጠ፣ ሰውዬው ጎተተው፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ጎል። ትንሽ ቆይቶ የታፋ ጡንቻው ተሳበና እያለቀሰ ወጣ። እኛም 2 ለ 1 በላን። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን አዘንኩለት። የቼልሲ ሰው ሲያለቅስ አይቼ ያዘንኩበት ሌላ ቀን የለኝም።

ባኩን እንዳታነሱብኝ ብቻ።

---

አሮጌ ታኬታ መለሰ፦

ባኩን አላነሳም። የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ፣ ቼልሲ አርሰናልን 4 ለ 1፣ ግንቦት 2019 ነበር፣ አምበሉም አዝፒሊኩዌታ ነበር፣ ግን አላነሳም።

ነገር አዋቂ፣ ያልከው ውስጥ እውነት አለ። በግራ እግሩ ያሻማው ጥሩ ኳስ ፈልግ ብትለኝ እውነት እቸገራለሁ። ግን የገዟቸውን ሰዎች ቆጥረህ እሱ የት እንደሄደ አልነገርከንም። በ2016 የመጣው አሰልጣኝ ኮንቴ አሎንሶን ሲገዛ አዝፒሊኩዌታ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ እሱም እንደ መሃል ተከላካይ!

ለልጁ ልንገረው። መስከረም 2016 አርሰናል ቼልሲን 3 ለ 0 ቀጠቀጠው (መድፈኛው፣ ይኸው ስጦታህ)። ኮንቴ ከዚያ በኋላ አሰላለፉን ገለበጠው። ሦስት ተከላካይ፦ ካሂል በግራ፣ ዳቪድ ሉዊዝ በመሃል፣ አዝፒሊኩዌታ በቀኝ። መስመሮቹን አሎንሶና ሞሰስ ያዙ። 13 የሊግ ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ። አዝፒሊኩዌታ በዚያ ዓመት 38ቱንም የሊግ ጨዋታ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። አንድም ደቂቃ አላመለጠውም። ሻምፒዮን ሆኑ።

ቁመቱ ስንት ነው? 1 ሜትር ከ78። የመሃል ተከላካይ ነው እየተባለ! ሞሰስ ደግሞ በተፈጥሮው አጥቂ ነው፣ ከኋላው የሚተወው ሜዳ ሰፊ ነው። ያንን ሁሉ የሚሸፍነው እሱ ነበር። የመስመር ተከላካይ ሆኖ ያደገ ሰው ወደ መስመር ተስቦ አንድ ለአንድ መጋፈጥ አያስፈራውም። ኮንቴ የፈለገው ይህን ነው።

ዋጋውንም ግን ከፍሏል። ጥር 2017 ቶተንሃም ቼልሲን 2 ለ 0 አሸንፎ ያንን ተከታታይ ድል ሰበረው። ሁለቱንም ጎሎች ተመልከት። ኤሪክሰን ከቀኝ ያሻማል፣ ኳሱ ወደ ሩቁ ቋሚ ይሄዳል፣ ዴሌ አሊ ከአዝፒሊኩዌታ አናት በላይ በግንባሩ ይገጫል። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ፣ ኮፒ ፔስት። የቶተንሃሙ አሰልጣኝ ፖቼቲኖ አጭሩን ሰው መርጦ ነው ኳሱን የላከበት። ስለዚህ አንተ ልጅ፣ አጭር ከሆንክ ሩቁ ቋሚ ጋ የሚመጣውን ኳስ በዝላይ አታሸንፈውም። ኳሱ ሳይነሳ አጥቂውን ነክተህ፣ ሰውነቱን አደናቅፈህ፣ የመነሻ እርምጃውን ማበላሸት አለብህ። በዚያን ቀን አዝፒሊኩዌታ ኳሱን እያየ አሊን ረሳው። እንደሱ ያለ ሰውም ይረሳል።

አሁን ደግሞ ወደ ማጥቃቱ። «አያሻማም» ለሚለው መልሱ በሚቀጥለው ዓመት መጣ። ሰውየው ቀኝ ላይ ተመልሶ ነበር፣ ቀኝ እግሩም ነፃ ወጣ። ሞራታ ከሪያል ማድሪድ መጣ። አዝፒሊኩዌታ ከመስመሩ ጥግ ሳይሆን ከሩቅ፣ ከግማሽ ሜዳው ትንሽ አለፍ ብሎ ያሻማል፣ ሞራታ በተከላካዮች መሃል ገብቶ ይገጫል። ኤቨርተን ላይ አየን፣ ሌስተር ላይ አየን። ኅዳር ላይ ደግሞ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ 1 ለ 0፣ ያው ኳስ፣ ያው ግንባር። የዩናይትዱ አሰልጣኝ ማን ነበር? ሞሪንሆ። 11 አዝፒሊኩዌታ ይኑረኝ ያለው ሰውዬ በአንዱ አዝፒሊኩዌታ ተበላ።

አየህ ነገር አዋቂ፣ ኳስ ማሻማት ያውቅ ነበር። ግራ ላይ የቆመው ሰው ሌላ ሥራ ተሰጥቶት ነው። የተሰጠውን ሠራ። አሰልጣኝ የሚወደው ይህን ነው። ዲ ማቴዮ፣ ቤኒቴዝ፣ ሞሪንሆ፣ ሂዲንክ፣ ኮንቴ፣ ሳሪ፣ ላምፓርድ፣ ቱሄል፣ ፖተር። ከነዚህ ውስጥ ሁለት የሚስማሙ ሰዎች ፈልግ። ሁሉም ግን አሰለፉት።

---

ላ ሮሃ መለሰ፦

ስለ ብሔራዊ ቡድኑ፣ ስለ ስፔን፣ ማንም አላነሳም፣ እኔ ልጨምር።

እንደ ክለቡ አልሆነለትም። በ2014 የዓለም ዋንጫ የቀኝ መስመሩን ይዞ ገባ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሆላንድ 5 ለ 1፣ ሁለተኛው ቺሊ 2 ለ 0። ሻምፒዮኗ ስፔን በሁለት ጨዋታ ወደ ቤት። የዓለም ዋንጫ መጀመሪያህ እንዲህ ሲሆን አስበው። ከዚያ በኋላ ካርቫሃል መጣ፣ ቦታው የካርቫሃል ሆነ። ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ጭራሽ መጠራት አቆመ። እኔ አለቀለት ብዬ ነበር።

በ2021 ግን አሰልጣኙ ሉዊስ ኤንሪኬ ለአውሮፓ ዋንጫ ጠራው። የቼልሲ አምበል ሆኖ ሻምፒዮንስ ሊግ ባነሳ ሰሞን ማለት ነው። ክሮኤሺያን አስታውሱ፣ ኮፐንሃገን፣ 5 ለ 3 በተጨማሪ ሰዓት። በረኛው ኡናይ ሲሞን ወደ ኋላ የተመለሰለት ኳስ ከእግሩ ሥር አምልጦት ገባ፣ ሁላችንም ራሳችንን ያዝን። ሳራቢያ አቻ አደረገ። ከዚያ ፌራን ቶሬስ ከግራ አሻማ። ማን ገጨ? አዝፒሊኩዌታ! ለስፔን ያስቆጠረው የመጀመሪያ ጎል ነው፣ በ31 ዓመቱ። አጭሩ ሰውዬ በግንባሩ።

ልጁ ቁመት ካስጨነቀው ያንን ጎል ይክፈት። ማንም ሳያየው ነው ከኋላ የመጣው። የዴሌ አሊን ሥራ ራሱ ሠራው።

---

ግራ ገባኝ መለሰ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ረዳችሁኝ። የሲቲውን ጨዋታ ሙሉውን አየሁት። ጋሼ አሮጌ ታኬታ፣ እንዳሉኝ ኳሷን ትቼ እሱን ብቻ ተከተልኩ። መጀመሪያ አሰልቺ ነበር፣ በኋላ ግን ናቫስ ሲናደድ ማየት ደስ ይላል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ከግራ ተከላካይ ተነስቶ አምበል እንዴት ሆነ? ሲጮህ አይታይም። ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለን። እኔ ላይ የሚመጣው ልጅ ግራኝ ነው፣ ግን መስመሩን ይዞ የሚወርድ ነው፣ ቶሎ ቶሎ መሃል አይገባም። ምን ላድርግ?

---

አሮጌ ታኬታ መለሰ፦

ጎሽ፣ ሙሉ 90 ደቂቃ ያየህ ከሆነ ግማሹን ተምረሃል።

አምበልነቱን በአንድ ጨዋታ ልንገርህ። የካቲት 2022፣ አቡ ዳቢ፣ የክለቦች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ቼልሲ ከብራዚሉ ፓልሜይራስ፣ 1 ለ 1፣ ተጨማሪ ሰዓቱም ሊያልቅ ነው። አዝፒሊኩዌታ ራሱ የመታው ኳስ ተከላካዩን እጁ ላይ አገኘው። ዳኛው በቪዲዮ አይቶ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። አዝፒሊኩዌታ ኳሱን አንስቶ አቅፎ ቆመ። የፓልሜይራስ ልጆች እሱ ሊመታ ነው ብለው መጡበት። ይሰድቡታል፣ ይገፉታል፣ ጆሮው ላይ ይጮኻሉ። እሱ ዝም። ሃቨርትዝ ደግሞ ራቅ ብሎ ብቻውን ቆሟል፣ ማንም አላስታወሰውም። ዳኛው ሲዘጋጅ አዝፒሊኩዌታ ኳሱን ለሃቨርትዝ ሰጠው። ጎል። 2 ለ 1። ስድቡን ሁሉ በራሱ ላይ ወስዶ መቺውን በሰላም አቆየው። በዚያች ዋንጫ በቼልሲ ሊወስድ የሚችለውን ዋና ዋና ዋንጫ ሁሉ ጨረሰ። መጮኽ አያስፈልግም።

ከዚያ በፊት የነበረውም ቀላል አይምሰልህ። ኦሳሱና ውስጥ በ17 ዓመቱ ነው ዋናው ቡድን የገባው፣ በአንተ ዕድሜ። ማርሴይ በሄደ በጥቂት ወሩ በኅዳር 2010 የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፣ ወራት ተኛ። ቼልሲ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ አምስተርዳም ላይ በእጁ ኳስ ነክቶ ለቤንፊካ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ኢቫኖቪች በጭማሪ ደቂቃ በግንባሩ ባያድነው ኖሮ ስሙ እስከ ዛሬ በዚያ ይነሳ ነበር። በመጨረሻም ቼልሲ ከመጣ 11 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በ508 ጨዋታ ለቀቀ። በክለቡ ታሪክ ይህን ያህል የተጫወተ የውጭ ዜጋ የለም። ከዚያም አትሌቲኮ ማድሪድ፣ ከዚያም ሴቪያ። እንግሊዞቹ ስሙን መጥራት አቅቷቸው «ዴቭ» እያሉ ነው የኖሩት፣ እሱም አቤት እያለ።

ወደ ቅዳሜ እንምጣ። ግራኝ ሆኖ መስመር የሚወርድ ልጅ በግራ እግሩ ለማሻማት ኳሱን መመለስ አለበት። በደካማ እግሩ ካላሻማ በቀር መጨረሻ ላይ ቆም ይላል። ያቺን ቆም የምትለዋን ጠብቃት። በመስመሩ ሲሄድ አትዘርጋ፣ አብረህ ሩጥ፣ አንድ እርምጃ ከፊቱ ለመሆን ሞክር። ኳሱን ወደ ውስጥ ሊመልስ ሲል እሷ ቀጥታ ወደ ቀኝ እግርህ ነው የምትመጣው። ያኔ ውሰድ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ግን በቀኝ ማሻማት ይችል እንደሆነ አጥናው። ከቻለ ለመስመሩ ቀረብ በልና መሃሉን ክፈትለት።

ከፊትህ የሚጫወተውንም ልጅ ቀድመህ አናግረው። «እኔ አልወጣም፣ መስመሩ ያንተ ነው» በለው። አለበለዚያ ኳስ ይዞ አንተን ሲጠብቅ ይነጠቅና ጥፋቱ ያንተ ይሆናል።

ነገር አዋቂ ያለውንም አትርሳ። ከልምምድ በኋላ ግድግዳ ፈልግና በግራ እግርህ ብቻ ምታ። አጭር ኳስ፣ ተቀበል፣ መልስ። ለማሻማት አይደለም፣ ሲጫኑህ ሳትደነግጥ በግራህ ለበረኛህ መመለስ እንድትችል።

---

ነገር አዋቂ መለሰ፦

ባልሳሳት ይህ ሰውዬ ዛሬ ከእኔ ጋር ተስማማ። ስክሪንሾት አንስቻለሁ።

---

መድፈኛው ዘቂርቆስ መለሰ፦

ልጄ፣ ቅዳሜ ውጤቱን ጻፍልን። ካሸነፋችሁ የሞንሪያል ምክር ነው፣ ከተሸነፋችሁ የነሱ።